የአክስቴ ሻሽ

የማወጋችሁ ስለ አክስቴ ነው። የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ከሆሳዕና ወደ ወላይታ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በዶዮገና፣ ከእንሰት መሐል ትኖራለች፤ ዕድሜዋም ሰባን አልፏል፣ በስንት እንዳለፈው ግን እርሷም አታውቀው። ወጉ በመስቀል ድግስ ይጀምርና በአንድ ዓይን ብርሃን ላይ ይደርሳል። በመካከሉ ስለ ጆሮ ግንድ ብዙ እናወራለን፤ ጆሮ ግንድ ስል በዓይን ጥግና በጆሮ መካከል ያለችውን፣ ጣት ሲያርፍባት ትር ትር የምትለውን ስስ ቦታ ማለቴ ነው። እስቲ እያንዳንዳችሁ ጣታችሁን አሳርፉባት። አገኛችኋት? እርሷ ናት።

የዚያን ዓመት መስቀልን እንደ ልማዳችን አገር ቤት ለመዋል ከአዲስ አበባ በሌሊት ተነሣሁ። የሐዲያና የከምባታ ልጅ የትም ቢበተን ለመስቀል ይሰበሰባል፤ ነጋዴው ሱቁን፣ ሊስትሮው ሣጥኑን ቆልፎ ይሄዳል፣ መናኸሪያውም ያን ሰሞን ሰውና ዕቃ አይለይበትም። ሚኒባሳችን በዓለም ገና ወጥቶ ወደ ደቡብ ሲያቀና ዝናቡ ገና ጨርሶ አልወጣም ነበር፤ ሜዳው አደይ አበባ ለብሶ፣ ጤፉ ለምልሞ፣ ጉሙም ከወንዝ ወንዝ እየዘለለ ይከተለን ነበር። አጠገቤ አንዲት ልጅ እግር ሴት ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ግንባሯን በነጠላዋ ጥርቅ አድርጋ አስራ፣ መስኮቱን ተደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍናለች፣ ረዳቱ ዘፈኑን ከፍ ባደረገ ቁጥርም ትሸማቀቃለች። «የኔ ልጅ፣ ራስሽን ነው?» አልኳት። «ፍልጠት አለብኝ፣ አባባ፤ ሲነሣብኝ ግማሽ ራሴን ነው የሚይዘኝ» አለችኝ። ረዳቱን ዘፈኑን አስቀነስኩትና ሕፃኑን ተቀብያት እስከ ቡታጅራ እኔ ያዝኩላት።

ቡታጅራ ላይ ለምሳ ቆምን፤ እርሷ ግን ሽታው እያጥወለወላት ከመኪናው አልወረደችም። በዚሁ በቡታጅራ ዙሪያ፣ በመስቃንና ማረቆ ገጠር፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት የተባሉ የነርቭ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ከበር በር እየዞሩ የገበሬውን የነርቭ ሕመም ጠይቀው ነበር፤ ያዳረሱትም 60,820 ሰው ነው። ከዚያም በማዕከላዊው ገጠር ስለ ራስ ምታት ብቻ ከ15,000 በላይ ሰው ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1995 ያሳተሙት ጽሑፍ ከመቶው 3ቱ ማይግሬን የሚሉት የግማሽ ራስ ፍልጠት እንዳለባቸው፣ የሴቶቹም ቁጥር ከወንዶቹ ከእጥፍ በላይ እንደሆነ ይናገራል። ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ማይግሬኑን ከመቶ 17.7፣ በውጥረት የሚመጣውን ራስ ምታት ከመቶ 20.6 አድርሶታል። እንግዲህ ከአምስትና ከስድስት ሰው አንዱ ማለት ነው፤ በአንድ ሚኒባስ ውስጥ ሁለትና ሦስት ሰው ማለት ነው። አጠገቤ ያለችው ልጅም አንዷ ነበረች፣ ሕመሟንም ባሏ እንኳ «ስንፍና ነው» እንደሚላት ኋላ ነገረችኝ። ይህን ስሰማ አዘንኩ። ይህን ሕመም ስንፍና የሚል ሰው አንድ ሌሊት ቢታመመው ኖሮ አይለውም ነበር።

ወራቤን አልፈን፣ ዳገቱን ወጥተን፣ ሆሳዕና ስንደርስ ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበር። ሆሳዕናን ሽማግሌዎች ዛሬም ዋቸሞ ይሏታል፣ ዩኒቨርሲቲዋም በዚያ ስም ይጠራል። ከዚያ ሌላ መኪና ይዤ፣ ከመሸ በኋላ ዶዮገና ገባሁ። ብርዱን አታውቁትም ይሆናል፤ የዶዮገና ብርድ እንሰቱን የሚያሰባ፣ በጉን ጠጉራም የሚያደርግ፣ እንግዳውን ደግሞ በቀጥታ ወደ ምድጃ የሚወስድ ብርድ ነው። አክስቴም ከምድጃው ዳር ተነሥታ ሳመችኝ፤ ስትስመኝ ግን ግራ ጉንጯን ብቻ ሰጠችኝ፣ ቀኙን አሸሸችብኝ። ያኔ ልብ አላልኩትም።

በማግስቱ መስቀል ሆነ። የቅርጫው በሬ ታርዶ ነበርና ሥጋው በእንሰት ቅጠል ላይ ተደረደረ፣ ቆጮው ከነእንፋሎቱ ተቆረሰ፣ ቅቤውም ቀለጠ፣ ልጅ ከአዋቂ ተሰበሰበ። ለአክስቴም እንደ ክብሯ ጥሩውን ሥጋ አስቀደሙላት። እኔ ከፊት ለፊቷ ተቀምጬ ነበርና እጇን አየሁት። አንድ ጉርሻ ጎረሰች፣ አኘከች፣ ሁለተኛውን ጎረሰች፣ አኘከች፤ ሦስተኛው ላይ መንጋጋዋን በመዳፏ ደገፍ አደረገችና ቆመች፣ ጥቂት አረፈች፣ ከዚያም የቀረውን ቀስ ብላ ቅጠሉ ላይ መለሰችው። ማንም አላያትም። ቀጥላም ቡላ ገንፎ ብቻ እንዲያቀርቡላት ጠየቀች። «አክስቴ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት። «ጥርስ ነው፣ ልጄ፤ እርጅና ነው፤ ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አለችኝ። ጥርሷን ግን አውቀዋለሁ፤ በዚያ ዕድሜዋ ሸንኮራ የምትቆረጥም ሴት ናት።

ከዚያ ወዲያ ዓይኔን ከእርሷ አልነቀልኩም። ሻሿን ታስራለች፣ ጥቂት ቆይታ ትፈታዋለች፣ ላላ አድርጋ መልሳ ታስረዋለች። የልጅ ልጇ ፀጉሯን ልታበጥራት ሚዶ ይዛ ስትመጣ «ተይኝ» ብላ እጇን ገፋችው። ማታ ስትተኛም ቀኝ ጎኗን ትታ በግራዋ ብቻ ተኛች። ጠዋት በመስኮቱ ብርሃን ጠጋ ብዬ ሳያት፣ በቀኝ ጆሮ ግንዷ ላይ ያለው ሥር ተገትሮ፣ እንደ በግ ገመድ ጠጥሮ፣ ዙሪያውም ቀላ ብሎና አብጦ አየሁት። ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደሆነ ብጠይቃት ከነሐሴ ወዲህ እንደሆነ ነገረችኝ። ልጇ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ከአካባቢው ልጅ ብዙው እዚያ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ በየእሑዱ ከጆሃንስበርግ ይደውላል፣ «እማዬ፣ ደህና ነሽ?» ይላታል፣ እርሷም «ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ትለዋለች፣ እርሱም ደስ ብሎት ገንዘብ ይልካል። አንድ ወር ከግማሽ እንዲህ አለፈ።

ጎረቤት ሲሰማ መጣ፤ እኛ ዘንድ በሽተኛ ብቻውን አይታመምም። አንዷ «ፀሐይ ላይ ቅቤ ስታነጥር ምች መቷት ነው» ብላ ዳማከሴ ቆርጣ አመጣች፣ ጨምቃም አሸታ ቀባቻት፣ ሽታው ቤቱን ሞላው፣ አክስቴንም ለጊዜው ቀለል አላት። ዳማከሴን አልነቅፍም፤ እናቴ በእርሱ አሳድጋኛለች። ሌላው ግን «ዋገምት የሚያደርግ ሰው አውቃለሁ፤ ጆሮ ግንዷ ላይ በጣ በጣ አድርጎ መጥፎውን ደም ቢያወጣላት ይለቃታል» አለ። ይህን ስሰማ ደሜ ቀዘቀዘ፤ የአጎቴ ነገር ትዝ አለኝ።

አጎቴን እኔ ገና ወጣት ሳለሁ እንዲሁ ጆሮ ግንዱን አመመው፣ እንዲሁ ሥሩ ተገተረ፣ እንዲሁም በጡት፤ ደሙም በዋንጫ ተቀዳ፣ ቁስሉም አመረቀዘ። ከዚያም አንድ ማለዳ ከእንቅልፉ ነቅቶ በሩ ላይ ቆመና «ዛሬ ጉሙ በአንድ ወገን ብቻ ነው እንዴ?» አለ። ጉም አልነበረም። ግራ ዓይኑ ጠፍቶ ነበር። ከ10 ቀን በኋላ ቀኙ ተከተለው፣ ቀሪ ዕድሜውንም በልጅ እየተመራ ኖረ። በዚያን ጊዜ ሁላችንም መቅሰፍት ነው አልን። ምን እንደነበረ ዛሬ እርግጠኛ ሆኖ የሚነግረኝ ሐኪም የለም፤ ጊዜው አልፏል፤ እኔ ግን አክስቴን ለምላጭ አልሰጥም አልኩ።

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጥተው ጸለዩላት፤ ከጸሎቱም በኋላ ወንጌላዊው ራሱ «ነገ ሐኪም ቤት ውሰዷት» አለን። ነገ ግን በዓሉ ገና አላለቀም፣ መኪናው የለም፣ ሰኞ ይሻላል እያልን ስንመክር፣ በዚያው ማታ አክስቴ የቡና ሲኒ ልታነሣ እጇን ዘረጋችና ሲኒው አጠገብ ያለውን አየር ጨበጠች። «መጋረጃ ወረደብኝ» አለች። ቀኝ ዓይኗ ከላይ ወደ ታች ጨልሞ ነበር። ጥቂት ደቂቃ ቆየና ተገለጠላት፤ «አሁን ደህና ነኝ» አለች። በቤቱ ውስጥ ያለን ሰዎች ተያየን፤ ሰኞ የሚለውን ቃል ከዚያ በኋላ ማንም አላነሣውም።

ያ ሌሊት ዝናብ ነበር። ወንዱ የልጅ ልጇ ባጃጅ አለው፤ ሸራውን አውርዶ፣ አክስቴን በሁለት ጋቢ ጠቅልለን፣ እኔ በአንድ ወገን አቅፌያት፣ ሌሊቱን እኩል አድርገን ወጣን። ጭቃው ያንሸራትታል፣ የባጃጁ መብራት እንሰቱን እያበራ ያልፋል፣ ውሻ ይጮኻል፣ ልጁም በየጉድጓዱ «አያቴ፣ አመመሽ?» ይላል፣ እርሷም «ንዳ፣ ልጄ» ትለዋለች። አንድ ጊዜ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት ቆምን፤ ከወዲያ ማዶ የመጡ ሦስት ጎረምሶች ጫማቸውን አውልቀው ባጃጁን ከነሰዎቹ ገፍተው አሻገሩን፣ ስማቸውንም ሳንጠይቃቸው ወደ ጨለማው ገቡ። ሲነጋጋ ሆሳዕና ገባን። የከተማዋ ትልቁ ሆስፒታል በንግሥት እሌኒ መሐመድ ስም ተሰይሟል። የሐዲያው ገራድ የመሐመድ ልጅ፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሚስት፣ ልብነ ድንግል ልጅ ሳለ አገር ያስተዳደረችና ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል የላከች ብልህ ሴት ናት፤ እርሷም እስከ እርጅናዋ የአገር ነገር ስታስብ ኖረች ይባላል፤ የእኔ አክስት ደግሞ በዚያ ማለዳ በስሟ በተጠራው ሆስፒታል ጥግ ስታልፍ ያሳሰባት ላሜን ማን ያልብልኛል የሚለው ነበር።

ከከተማዋ ሐኪም ቤቶች በአንዱ ወረፋ ይዘን አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። እናም ወገኖቼ፣ ጆሮ ግንድን ያህል ትንሽ ቦታ ስንት ዓይነት ሕመም እንደሚያድርባት ያየሁት በዚያ አግዳሚ ላይ ነው። በቀኛችን የነበረው ሕፃን ከጆሮው ሥር እስከ ጆሮ ግንዱ አብጦ ነበር፤ እናቱ ስትናገረው እኔም አወቅኩት፣ ጆሮ ደግፍ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ሰውዬ ጉንጩን በሻርፕ አስሮ ነበር፤ የበሰበሰ መንጋጋ ጥርሱ መግል ይዞ እብጠቱ ወደ ላይ ወጥቶበታል፣ እርሱም ሁለት ሳምንት የሕመም ማስታገሻ ሲውጥ ቆይቶ አሁን አፉን መክፈት አቅቶታል። አንዲት ነጋዴ ሴት ደግሞ በግንባሯ አንድ ወገን ብቻ፣ እንደ ተሰመረ መስመር፣ ውሃ የቋጠሩ ሽፍታዎች ወጥተውባት ዓይኗ ሊከደን ደርሷል። አልማዝ ባለጭራ ነው፤ ወደ ዓይን ሲጠጋ ቀን የማይሰጥ ነገር ነውና ነርሷ ባየቻት ጊዜ ከወረፋ አውጥታ ቀድማ አስገባቻት።

አንዱን ግን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ጎረምሳ ነው፤ በበዓሉ ግርግር ጆሮ ግንዱን በዱላ ተመትቷል፤ ጓደኞቹ ይዘውት መጥተዋል፣ እርሱ ግን ይስቃል፣ «ምንም አልሆንኩም፣ እንሂድ» ይላል። ነርሷ ግን አልለቀው አለች። የራስ ቅል በዚያ ቦታ ስስ ነው፤ ከአጥንቱ ሥርም ደም ቅዳ ያልፋል፤ ያ ከተቀደደ ሰውዬው ለአንድና ለሁለት ሰዓት እየሄደ፣ እያወራ፣ እየሳቀ ይቆያል፣ ደሙ ግን በውስጥ እየተጠራቀመ አንጎሉን ይጫነዋል፣ ከዚያም ማስታወክ፣ መደንዘዝ፣ መውደቅ ይመጣል። ይህን ለጓደኞቹ አስረድታ አልጋ ላይ አስተኛችው፤ እኛ ስንወጣ አሁንም ዓይኑን በባትሪ ታየው ነበር። ጆሮ ግንዱን የተመታ ሰው ስለሳቀ አትመኑት፤ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ሰው ይኑር አጠገቡ፣ ካስታወከ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለውም ሰዓት ሳትቆጥሩ ውሰዱት።

ተራችን ደረሰ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ የሐዲያ ልጅ ነው፣ አክስቴም በሐዲያ ድንበር አድጋለችና ሐዲይኛ ትሰማለች፤ ሐዲይኛና የእኛ ከምባትኛ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፣ እየተቀባበሉ አወሩ፣ ለእኔም በአማርኛ መለሰልኝ። መድኃኒት ከመጻፉ በፊት ጠየቃት። «እማማ፣ ሻሽ ሲያስሩ ያምዎታል?» አላት። አክስቴ ቀና ብላ አየችው፣ ከዚያም ወደ እኔ ዞራ «ማን ነገረው?» አለችኝ። «ፀጉርዎን ሲያበጥሩስ? ሥጋ ሲያኝኩ መንጋጋዎ ይዝላል? ሲያርፉ ይተውዎታል? ጠዋት ሲነሡ ትከሻዎ ይከብድዎታል? ክብደት ቀንሰዋል? ዓይንዎ ድንግዝ ብሎ ያውቃል?» ሁሉንም አዎ አለች። ሳትደብቅ፣ ጌታ ይመስገንን ሳታስቀድም፣ አዎ፣ አዎ እያለች መለሰች፤ እኔም ከአጠገቧ ተቀምጬ ለአንድ ወር ተኩል ማንኛችንም ያልጠየቅናትን ስሰማ አፈርኩ።

ከዚያም ጣቱን በጆሮ ግንዷ ላይ አሳርፎ ቆየ። ትርታዋን ፈለገ፤ በግራው አገኘው፣ በቀኙ ግን ሥሩ ጠጥሮ ትርታው ጠፍቶ ነበር። ደሟን ላከ፤ ኢኤስአር የሚሉት ምርመራ ከ100 በላይ ሆኖ መጣ። «አባባ» አለኝ፣ «ይህ የደም ቅዳ ብግነት ነው። የሥሩ ግድግዳ ይቆጣና ያብጣል፣ መተላለፊያውም ይጠባል፤ መንጋጋዋ የሚዝለው ሲያኝክ ደም ስለሚያንሰው ነው። ከእነዚህ ሥሮች ዘመድ የሆነው ደግሞ ዓይንን ይመግባል። እርሱ ከተዘጋ ዓይኗ አይመለስም፤ አንዱ ከጠፋም ሁለተኛው በቀናት ወይም በሳምንታት ሊከተል ይችላል።» አጎቴ በሩ ላይ ቆሞ ታየኝ።

ሕመሙ ከ50 ዓመት በታች ያለውን አይነካም ማለት ይቻላል፤ ከ70 በላይ ያሉትን ይወዳል፣ በሴቶችም ላይ ይበዛል። ብዙ የተጻፈለት በሰሜን አውሮፓ ሰዎች ላይ ነው፣ በእኛ ዓይነት ሕዝብ ጥቂት ነው ይላሉ፤ ጥቂት ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1890 ሐቺንሰን የተባለ የለንደን ሐኪም አንድ ሽማግሌ በጆሮ ግንዱ ላይ ቀይ፣ ያበጠ ጭረት ስለወጣበት ባርኔጣ መድፋት እንዳቃተው ጽፏል። የለንደኑ ሽማግሌ በባርኔጣው፣ የዶዮገናዋ ባልቴት በሻሿ፤ ሁለቱንም የለያቸው ራሳቸው ላይ የሚያደርጉት ነገር ብቻ ነው። ከእርሱም በፊት፣ ከዛሬ 1,000 ዓመት ገደማ አስቀድሞ፣ ዓሊ ኢብን ዒሳ የተባለ የባግዳድ የዓይን ሐኪም የጆሮ ግንድ ሥርና የዓይን ብርሃን ተያያዥ መሆናቸውን አስተውሎ ሥሩን መቁረጥና መተኮስ እንደሚበጅ ጽፎ ነበር። ስለዚህ አጎቴን የበጣውን ሰው አልረግመውም። አባቶቻችን ጆሮ ግንድና ዓይን እንደሚተዋወቁ ተረድተው ነበር፤ በዓለም ያሉ ትልልቅ ሐኪሞችም ለዘመናት ከዚያ አላለፉም። ያልነበራቸው መድኃኒቱ ነው። እርሱም ኮርቲዞን ይባላል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለበሽተኛ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ነው። ዛሬ ግን መድኃኒቱ አለ፤ ዛሬ መብጣት ከቀድሞው ሁለት እጥፍ ጥፋት አለበት፣ ሥሩን ያቆስላል፣ ቀኑንም ይበላል።

«ማረጋገጫው ከሥሩ ትንሽ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው» አለኝ ሐኪሙ፣ «መድኃኒቱ ግን ያንን አይጠብቅም።» የሰጣት የኮርቲዞን ዘመድ የሆነውን ፕሬድኒሶሎን ነው፤ 5 ሚሊ ግራም ከሆነው ፍሬ በቀን 12፣ ጠዋት፣ ከቁርስ በኋላ። 12 ፍሬ በአንድ መዳፍ ስትይዝ «ይህ ሁሉ?» ብላ ሳቀች። ከዚያ በፊት ስኳሯን፣ ግፊቷን፣ ሳንባዋንም በራጅ አየ፤ ይህ መድኃኒት ተደብቆ የነበረ የሳንባ ነቀርሳ ሊቀሰቅስ ይችላልና። አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ ጨጓራም ይነካል። በድንገት ማቋረጥ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል፤ በወራት፣ አንዳንዴ በዓመትና በሁለት ዓመት፣ ቀስ እየተባለ ይቀነሳል። እባካችሁ፣ ወገኖቼ፣ «አክስቱን ያዳናት» ብላችሁ ይህን ፍሬ ከመድኃኒት ቤት ገዝታችሁ ራስ ለሚያመው ሁሉ አትስጡ። ዓይን ያተረፈው መድኃኒት ያለ ሐኪም ሌላውን ቤት ሊያፈርስ ይችላል።

በሦስተኛው ቀን ሻሿን አጥብቃ አሰረች። ሆሳዕና ዘመድ ቤት አርፈን ነበር፤ አስራ ሲበቃት ጨርቁን በሁለት እጇ መታ መታ አድርጋ አየችው፣ ዳግመኛም አጠበቀችው፣ ከዚያም ከውጭ ስገባ «አንተ ልጅ፣ ሥጋ የለም እንዴ?» አለችኝ። መድኃኒቱ ትክክለኛውን በሽታ ሲያገኝ እንዲህ ነው፣ በቀናት ውስጥ ያረጋጋል። ቀኝ ዓይኗም ዳግመኛ አልጨለመም።

የሚኒባሷን ልጅም አልረሳኋት፤ ስለእርሷ ዓይነቱ ሕመም ሐኪሙን ጠይቄው ነበር። ማይግሬን ዓይን አያጠፋም፣ ኑሮ ግን ያጠፋል አለኝ። በጨለማ ክፍል ማረፍ፣ ውሃ መጠጣት፣ በሰዓቱ መብላትና መተኛት፣ በጆሮ ግንድ ላይ ቀዝቃዛ ጨርቅ፣ ሲጀምር ወዲያው ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን ያግዛል፤ ፓራሲታሞሉ ለአዋቂ በቀን ከ4 ግራም፣ ማለትም ከ8 ባለ 500 ሚሊ ግራም ፍሬ አይበልጥም። ግን በወር ውስጥ ግማሹን ቀን ማስታገሻ የሚውጥ ሰው ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታት ይሆንበታል፤ ደጋግሞ ለሚነሣበት ሰው እንዳይነሣ የሚከላከል ሌላ መድኃኒት አለ። በውጥረት የሚመጣው ደግሞ ጆሮ ግንድን በሁለት ወገን እንደ ቀለበት ይጨምቃል፤ ሌሊት ጥርሱን የሚያፋጭ ሰውም መንጋጋው ሲጋጠም ቀጭ እያለ ጠዋት ጆሮ ግንዱን ያመዋል። ትኩሳትና የአንገት መድረቅ ያለበት፣ በአንድ ጊዜ እንደ መብረቅ የመታ፣ ምላስ ያስተሳሰረ፣ ወይም ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ከፊትና ከእጅ እብጠት ጋር የመጣ ራስ ምታት ግን ለነገ አያድርም። ጤና ጣቢያው ሩቅ ከሆነ የቀበሌያችሁን ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጥሩ፤ የት እንደሚላክ ታውቃለች።

አክስቴ ዛሬም ዶዮገና ናት። ፍሬው ከ12 ወርዶ አንድ ደርሷል፤ ያንንም በሻሿ ጫፍ ቋጥራ ትይዘዋለች። ልጇም ከጆሃንስበርግ በየእሑዱ ይደውላል፣ አጠያየቁ ግን ተለውጧል፤ «ደህና ነሽ?» ማለቱን ትቶ «ሻሽሽን አጥብቀሽ አስረሻል? ትናንት ምን በላሽ?» ይላታል። እናንተም አገር ቤት እናትና አባት፣ አክስትና አጎት ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ ደውሉ። ደህና ነኝ ሲሏችሁ ስልኩን አትዝጉ። ስታበጥሪ ያምሻል ወይ፣ ስታኝኪ መንጋጋሽ ይዝላል ወይ፣ ዓይንሽ ይጋረዳል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ አንዱን አዎ ካሏችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ እንዲደርሱ አድርጉ።